የስፌት መኪናው ዝም ሲል

መኪናው ዝም ብሏል።

ልጅቷ የትምህርት ቤት ቦርሳዋን እንዳዘለች በሩ ላይ ቆመች። አያቷ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ የሚሰፉትም እዚሁ ቤት፣ መንገዱን በሚያየው የፊት ክፍል ውስጥ ነው። በዚህ ሰዓት የስፌት መኪናቸው ትንሽ ይሮጣል፣ ይቆማል፣ ደግሞ ይሮጣል። ባለፈው ሳምንት መታጠቢያ ቤቱ ደጃፍ ላይ ወድቀው ካገኘቻቸው ወዲህ፣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ገና ከመታጠፊያው ጀምራ ጆሮዋን ትጥላለች። ድምፁን ከሰማች ልቧ ቦታው ይመለሳል፤ ምንም እንዳልፈራ ሰው እያንጎራጎረች ትገባለች። ዛሬ ግን ድምፅ የለም። በሩን ልትገፋ የዘረጋችውን እጅ መልሳ አወረደችው።

«አባባ?»

«ግቢ። ዝም ብለሽ ግቢና በሩን ዝጊው።»

ድምፃቸው የመጣው ከታች፣ ከወለሉ ነበር። መኪናው እግር ስር በጎናቸው ተኝተዋል። የሚለኩበት ሜትር አንገታቸው ላይ እንደተጠመጠመ ነው፤ መነጽራቸው ግን የለም። ግንባራቸው ላይ አንድ እብጠት ብቅ ብሏል።

«ምን ሆነው ነው?»

«ቁልፍ ወድቆብኝ ላነሳ ብዬ ነው።»

«የሸሚዝ ቁልፍ ተኝተው ነው እንዴ የሚያነሱት?»

«አዲስ ዘዴ ነው» አሉ። ሊስቁ ሞከሩ፤ ከንፈራቸው ግን እሺ አላላቸውም።

ብብታቸውን ደግፋ ወንበር ላይ አስቀመጠቻቸው። ቀለሏትና ደነገጠች፤ አያቷ እንዲህ የሚቀሉ ሰው አይመስሏትም ነበር። ፎጣ በቀዝቃዛ ውሃ ነክራ ግንባራቸው ላይ ያዘችላቸው።

«ይኼንንም ለእናትሽ እንዳትነግሪ» አሉ።

«አባባ፣ አሁንስ እነግራታለሁ።»

«አጎትሽ ያለውን ሰምተሻል አይደል? አንዴ ወደቀ ሲባል ይቺ መኪና ትሸጣለች፤ እኔን ደግሞ ወስዶ እዚያ ሶፋው ላይ እንደ ትራስ ያስቀምጠኛል። መርፌዬ፣ ዓይኔን እያየሽ ‹አባባ ይሙቱ አልናገርም› በይኝ።»

መርፌዬ የሚሏት ቀጭን ስለሆነች ብቻ አይደለም። ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ ክር የምታስገባላቸው፣ ጥቁሩን ክር ከሰማያዊው የምትለይላቸው እሷ ናት። ያለ እሷ ሥራው አይንቀሳቀስም። ይህን ስለምታውቅ እምቢ ማለት ከበዳት።

«አባባ ይሙቱ» አለች። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ሰውነቷ ቀዘቀዘ። ሰው ይህን በቀን አሥር ጊዜ ይላል፤ እሷም ለማስቲካ ስትምል ኖራለች። ዛሬ ግን እውነት ሆኖ ተሰማት። ብትናገር የሚሞቱ፣ ዝም ብትልም የሚሞቱ መሰላት።

በማግስቱ ጠዋት እንደ ወትሮው ውሃና የመድኃኒት ሳጥኑን አቀረበችላቸው። እናቷ የምትሠራው ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ነው፤ ማልዳ ስለምትወጣ የአያቷን መድኃኒት መስጠት የልጅቷ ድርሻ ሆኗል። ሳጥኑ አያቷ ቁልፍ ያስቀምጡበት የነበረ፣ ውስጡ በትናንሽ ክፍሎች የተከፋፈለ የእንጨት ሳጥን ነው። ልብስ ሰፊ ቁልፍ አይቀላቅልም። ነጩ ከነጩ፣ ቡናማው ከቡናማው፣ እያንዳንዱ ቀለም የየራሱ ክፍል አለው። መድኃኒቱንም በዚሁ ደንብ ነው የሚያስቀምጡት። እናቷ ከፋርማሲ ያመጣችውን ልጅቷ ከማሸጊያው እያወጣች በየቀለሙ ትደረድራለች፤ አያቷ ደግሞ ጠዋት ጠዋት በጣታቸው እየዳበሱ ከየክፍሉ አንድ አንድ ያነሳሉ። ዘዴውን ያወጡት አብረው ነው። እናቷ አንድ ቀን ስታየው «እናንተማ ፋርማሲ ከፈታችሁ» ብላ ስቃለች።

«ራስዎን ያምዎታል?» አለቻቸው።

«ትንሽ ከበድ ይለኛል። ምንም አይደል፣ እርጅና ነው።»

ከየክፍሉ አንድ አንድ አንስተው ዋጡ።

ያን ቀን የባዮሎጂ መምህሩ እንግዳ ይዞ ክፍል ገባ። እንግዳዋ ከሰፈሩ ጤና ጣቢያ የመጣች ነርስ ናት፤ ሰው ሁሉ ሲስተር ነው የሚላት። መምህሩ «ወደፊት ምን እንደምትማሩ ላልወሰናችሁ ይጠቅማችኋል» ብሎ ወንበር ሳበላት። ሲስተር ግን አልተቀመጠችም። ከሥራዋ ጎን ለጎን የኅብረተሰብ ጤና እየተማረች እንደሆነ፣ በተለይ የምታጠናውም እርጅናን እንደሆነ ተናገረች።

ከልጅቷ አጠገብ የምትቀመጠው ጓደኛዋ፣ አንዴ ከተከፈተች የማትዘጋ በመሆኗ ክፍሉ ሁሉ ራዲዮ የሚላት፣ እጇን ሳታወጣ ተናገረች። «እርጅና ደግሞ ምኑ ይጠናል? ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው እንጂ።»

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ሲስተርም ሳቀች።

«እውነትሽን ነው፣ ሁላችንም እየጠበቅነው ነው» አለች። «እኔን የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ሕፃን ልጅ ሲወድቅ ‹ምን ነካው?› ብለን እንሮጣለን። አንድ ትልቅ ሰው ሲወድቁ ግን ‹እርጅና ነው› እንልና ወሬያችንን እንቀጥላለን። እርጅና በአንድ ሳምንት አይመጣም። ደህና ሲራመዱ የነበሩ ሰው በድንገት መውደቅ ከጀመሩ የሆነ ነገር ተለውጧል ማለት ነው። ጫማ ይሆናል፣ የተቃጠለ አምፖል ይሆናል፣ ዓይን ይሆናል፣ መድኃኒት ይሆናል። እኔ ቤት ለቤት እየዞርኩ የምጠይቀው ይኼንኑ ነው፤ ምን ተለወጠ?»

ልጅቷ እስክሪብቶዋን ጨምድዳ ያዘች።

«ጭንቅላታቸውን ከተመቱ ግን ቆሞ መጠያየቅ የለም» አለች ሲስተር። «ደህና ነኝ ቢሏችሁም ማምጣት ነው። ጉዳቱ አንዳንዴ ውሎ አድሮ ነው የሚታየው።»

በመጨረሻ ቅዳሜ ቅዳሜ አብሯት ቤት ለቤት የሚዞር ተማሪ እንደምትፈልግ ተናግራ እጅ እንዲያወጡ ጠየቀች። ማንም አላወጣም። ከኋላ አንዱ «ቅዳሜን ከሼባ ጋር?» ሲል ተማሪዎቹ ሳቁ። የልጅቷ እጅ ከጠረጴዛው ስር ጭኗ ላይ ቀረ።

«አንቺ፣ ምን ሆነሻል? ፊትሽ እኮ አመድ መስሏል» አለች ራዲዮ።

«ምንም።»

«አትሸውጂኝ።»

«ምንም አልኩሽ እኮ፣ አቦ ተይኝ።»

ልትነግራት ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። ለራዲዮ መንገር ግን ለሰፈሩ ሁሉ ማወጅ ነው፤ በዚያ ላይ መሐላው አለ። ደወሉ እስኪደወል ድረስ ከዚያ በኋላ የተባለውን አንድም አልሰማችም።

ወደ ቤት የሄደችው በሩጫ ነው። ከመታጠፊያው ጆሮዋን ጣለች። መኪናው ይሮጣል፤ ግን አሮጋገጡ ልክ አይደለም፤ ይጀምርና መሃል ላይ የረሳው ነገር እንዳለ ሰው ቀጥ ይላል። ገብታ ሰላም አለቻቸው። አያቷ የደንበኛ ሱሪ ይዘው ይመለከታሉ። አንዱ እግር ከሌላው በአንድ ስንዝር አጥሯል።

«ማን ነው እንዲህ የቆረጠው?» አሉ።

መቀሱን ከእሳቸው በቀር ማንም አይነካውም። በዕድሜ ዘመናቸው እንዲህ ያለ ስሕተት ሲሠሩ አይታም ሰምታም አታውቅም።

ምን ተለወጠ? ጫማቸውን አየች፤ ያው የድሮው ነው። አምፖሉ በርቷል። ወለሉ ላይ የሚያደናቅፍ ነገር የለም። ከዚያ መድኃኒቱ ትዝ አላትና ሳጥኑን ከፈተች። ነጭ፣ ቢጫ፣ ትልቁ ነጭ፣ ሐምራዊ። አራት ክፍል ተይዟል። ድሮ ሦስት ነበር። ሐምራዊው የመጣው መቼ ነው? በቅርቡ ነው፤ እናቷ ጠረጴዛው ላይ ትታው ስትሄድ፣ ልጅቷ ሐኪሙ አዲስ መድኃኒት የጨመረላቸው መስሏት አዲስ ክፍል ሰጥታዋለች። ከዚያ በፊት አያቷ አንድም ቀን ወድቀው አያውቁም።

የመኪናውን መሳቢያ ሳበች። ከዚፖቹና ከክር ጥቅልሎቹ ጋር የመድኃኒት ካርቶኖች ተደርድረዋል። መድኃኒቱ ከገበያ ይጠፋል ተብሎ ሲወራ እናቷ ደርባ ገዝታ ስለነበር የቢጫው ገና አላለቀም። የቢጫውን ካርቶን በአንድ እጇ፣ የሐምራዊውን በሌላው ያዘች። ላይ በትልቁ የተጻፈው ስም የተለያየ ነው። ከሥሩ ግን በትንንሹ ሌላ ስም አለ። ፊደል በፊደል አነጻጸረችው፤ ከዚያ ቁጥሩን። ዳር እስከ ዳር አንድ ነው።

ሁለቱም አያቷ ድሮም የሚወስዱት ያው የደም ግፊት መድኃኒት ነበር። የተለወጠው ቀለሙ፣ ካርቶኑና በትልቁ የተጻፈው ስሙ ብቻ ነው። እሷ ግን በቁልፍ ደንብ ለሁለት ከፍላው፣ አያቷ በየቀኑ እጥፍ ሲውጡ ሰንብተዋል።

መሳቢያው አጠገብ ቁጭ አለች። እኔ ነኝ፣ አለች በልቧ። የጣልኳቸው እኔ ነኝ።

ከዚያ ሌላ ሐሳብ መጣላት፤ ሲመጣም በጣም ቀላልና ለስላሳ ነበር። ሐምራዊዎቹን አውጥታ ብትጥላቸው ማን ያውቃል? አያቷ መውደቃቸውን ይተዋሉ። መሐላው አይፈርስም፣ መኪናው አይሸጥም፣ እሷም ምን እንዳደረገች ማንም አይሰማም። ክኒኖቹን ዘግና ጨበጠቻቸው። መዳፏ በላብ ረጥቦ ስለነበር ቀለማቸው ጣቶቿ ላይ ቀረ።

«መርፌዬ» አሉ አያቷ ከወንበራቸው። «መብራቱን አብሪልኝ እስቲ፤ ምነው ጨለመ?»

አምፖሉ ከራሳቸው በላይ እየበራ ነው። ውጭም ገና ፀሐይ ነው።

ክኒኖቹን ወደ ክፍላቸው መለሰቻቸው። መጣሉ ሐምራዊውን ያጠፋው ይሆናል፤ ግንባራቸው ላይ ያለውን እብጠት ግን አያጠፋውም።

እናቷ ሥራ ስትገባ ስልኳን ቁምሳጥን ውስጥ ስለምትቆልፍ እሷን መጥራት አይቻልም። የጎረቤታቸውን የጡረተኛዋን መምህርት በር አንኳኩታ አያቷ ዘንድ እንዲቆዩላት ለመነቻቸው። መምህርቷ ግድግዳውን ተደግፈው እየዳበሱ መጡ፤ ደፉ ላይ ሲደርሱም ቆመው ትንሽ ተነፈሱ። «እኔም ዘንድሮ ያዞረኛል ልጄ፣ እርጅና ነው» አሉ። «ሂጂ፣ አጠገባቸው እቀመጣለሁ።»

ሳጥኑንና ካርቶኖቹን ደረቷ ላይ አቅፋ ሮጠች። አባባ ይሙቱ፣ አባባ ይሙቱ፣ ይላል ጆሮዋ በየእርምጃዋ። ጤና ጣቢያው በር ላይ ስትደርስ ልትመለስ ምንም አልቀራትም ነበር። እውነት ቃሉ ቢደርስባቸውስ? ሲስተር በኮሪደሩ ስታልፍ አየቻትና አፏ ቀድሟት ተከፈተ።

«አያቴ ወድቀዋል። ሁለቴ። ትናንት ጭንቅላታቸውን ተመትተዋል። አሁን በብርሃን ጨለመ ይላሉ» አለች። ከዚያ ሳጥኑን ከፈተችው። «ሁለቱንም የሰጠኋቸው እኔ ነኝ።»

ሲስተር አንዴ ሳጥኑን፣ አንዴ ካርቶኖቹን አየች። ወዲያው ዞር ብላ የአምቡላንሱን ሹፌር ጠራችው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ተደበላልቆ ነው የቀረው። የደም ግፊታቸው በጣም ወርዶ ተገኘ። ሐኪሙ ዓይናቸው ውስጥ በባትሪ አይቶ ፊቱን ቋጠረ፤ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ተላኩ፣ ጭንቅላታቸው ሲቲ ስካን ተነሳ፣ ውስጡ ጥቂት የፈሰሰ ደም አለና ከዓይናችን ሥር ይቆዩ ተባለ። ልጅቷ ኮሪደሩ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ የሚያልፈውን ነጭ ልብስ ሁሉ «ሊነግረኝ የመጣ ነው» እያለች ትፈራለች። እናቷ ሳሙና ሳሙና እየሸተተች፣ የሥራ ልብሷን ሳትለውጥ መጣች።

«ከዚህ በፊትም ወድቀው ነበር?»

ልጅቷ አንገቷን ደፋች።

«እኔ እናትሽ አይደለሁም? ለእኔ ያልነገርሽ ለማን ልትነግሪ ነው?» አለች እናቷ። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻል ነበር። አጠገቧ ተቀምጣ ድምፅ ሳታወጣ አለቀሰች፤ ልጅቷም ያን ጊዜ አለቀሰች።

ሲስተር አመሻሹ ላይ መጣች። ልጅቷ «ጥፋቱ ያንቺ አይደለም» የምትላት መስሏት ነበር።

ሲስተር ግን «ተሳስተሻል» አለቻት። «አዲስ ክኒን ስታዪ መጠየቅ ነበረብሽ። ግን ቀለሙ ሲለወጥ ያው ነው ብሎ ለእናትሽ የነገራት አለ? እኛስ ስንት ጊዜ ግፊታቸውን ለክተን ሸኘናቸው፣ አንድም ቀን ‹መድኃኒቱን እንዴት ነው የሚያስቀምጡት?› አላልናቸውም።» ሳጥኑን ጭኗ ላይ አድርጋ ክፍሎቹን በጣቷ ነካካች። «በቀለም የሚለይ ስንት ቤት አለ ይሆን» አለች፣ ለራሷ እንደምታወራ።

ልጅቷ ይህን ስትሰማ አንድ ነገር ሽው አለባት። ግድግዳ የሚዳብስ እጅ ትዝ አላት። ያን ቀን ግን ስለ አያቷ እንጂ ስለ ሌላ ለማሰብ ቦታ አልነበራትም።

አያቷ ከሆስፒታል የወጡት በሳምንቱ ነው። አጎቷም ከሚኖርበት ከተማ መጥቶ ነበር፤ መኪናው ይሸጥ አለ፣ እናቷ እምቢ አለች፣ ተከራከሩ፣ በመጨረሻ ወር እንየው ተባብለው ሄደ። አያቷ አንድ ቃል አልተነፈሱም። ልጅቷንም አላነጋገሯትም። ክር ላስገባልዎት ስትላቸው ራሳቸው ሲሞክሩ፣ ሲስቱ፣ ደግመው ሲሞክሩ ታያለች። ከመውደቃቸው የባሰ ይህ አስፈራት።

አርብ ከሰዓት በኋላ መርፌውን ዘረጉላት።

«‹አባባ ይሙቱ› ብለሽ ነበር» አሉ።

«ብዬ ነበር።»

«ብለሽም ተናገርሽ።»

«ተናገርኩ።»

ክሩን በምራቋ አሹላ አስገባችው። ዓይኗን ቀና አድርጋ ልታያቸው አልደፈረችም።

«ይኸው አልሞትኩም» አሉ አያቷ። መርፌውን ተቀብለው ወደ ሥራቸው ዞሩ። ጥቂት ቆይተው ደግሞ «ሳጥኔን ለሲስተሯ ሰጥተሽ ቀረሽ እንዴ? ቁልፎቼን መልሼ ልደረድርበት ነው እኮ» አሉ።

ቅዳሜ ጠዋት ልጅቷ ደብተር ልትገዛ ወጥታ ስትመለስ፣ ከመታጠፊያው ላይ እንደ ልማዷ ጆሮዋን ጣለች። መኪናው ይሮጣል፣ ይቆማል፣ ደግሞ ይሮጣል። ልቧ ቦታው ተመለሰ።

በራቸው ላይ ደርሳ ግን አልገባችም። ከጎን ካለው በር፣ ከጡረተኛዋ መምህርት ቤት፣ ምንም ድምፅ አይሰማም። ሌላ ጊዜ ቅዳሜ ጠዋት ሬዲዮናቸው ጎላ ብሎ ይሰማ ነበር። ዘንድሮ ያዞረኛል ብለዋል። አምና አያዞራቸውም ነበር ማለት ነው።

ብትገባ፣ ምሳ በልታ ብትተኛ ማንም ምንም አይላትም። ብታንኳኳ ምን እንደምታገኝ አታውቅም። ሐምራዊ ክኒን ሊሆን ይችላል፣ ምንም ላይሆን ይችላል፣ ወለሉ ላይ የተኛ ሰው ሊሆን ይችላል። ፍርሃቱ የትም አልሄደም፤ በር ብቻ ነው የቀየረው።

ደብተሩን ብብቷ ስር አድርጋ አንኳኳች።

ቆየ። ከውስጥ አንድ እጅ ግድግዳ እየዳበሰ ሲመጣ ሰማች።

«ማን ነው?»

«እኔ ነኝ እማማ፣ የልብስ ሰፊው የልጅ ልጅ» አለች። ድምፄ ይሰበራል ብላ ፈርታ ነበር፤ አልተሰበረም። «የሚወስዱትን መድኃኒት ሊያሳዩኝ ይችላሉ?»